ጀልባው ያልተሻገረ ዕለት

መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግስት እሑድ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር ወጣን። ወደ ጢስ ዓባይ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበጋ አቧራው መስኮት ያስዘጋል፤ በመስከረም ጭቃው ሹፌሩን ዝም ያሰኘዋል። የደመራው አመድ በየመንደሩ ደጃፍ ገና ይጤሳል። በግራና በቀኝ ዳጉሳው አናቱን ጨብጦ፣ ጤፉ ገና ለጋ ሆኖ፣ በቆሎው ጢሙን አውጥቶ ቆሟል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቢጫ ባየች ቁጥር «አደይ!» ትላለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አደይን የምታውቀው ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ በየመንገዱ ዳር ከቄጤማ ጋር ታስሮ ሲሸጥ ነው።

ይዣት የመጣሁት በአንድ ብር ምክንያት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ከመዝሙረ ዳዊቱ ገጾች መካከል አንድ አሮጌ የብር ኖት አገኘን። ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ አለ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ፏፏቴውን በዓይኑ ሳያይ በፊት በእጁ ይዞት ያውቃል፤ ዳቦ ገዝቶበታል፣ ታክሲ ከፍሎበታል። ልጄ ግን ብሩን አገላብጣ እያየች «አያቴ ለምን መጽሐፍ ውስጥ አስቀመጠው?» አለችኝ። እናቴም ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጠ አታውቅም። እኔ አንድ ግምት አለኝ፤ እሱን ለልጄ ለመንገር ቦታው ላይ መቆም ያስፈልግ ነበር።

ቃል የገባሁላት ሙሉውን ዙር ነው። ብዙ ጎብኚ ጢስ ዓባይ ከተማ ደርሶ፣ ፏፏቴውን አይቶ፣ በመጣበት ይመለሳል። ዙሩ ግን ሌላ ነው። ከከተማው ተነስተው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ፤ ከፏፏቴው በታች ዓባይ በጠበበበት ቦታ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ ይሻገራሉ፤ ማዶ ያለውን ዳገት ወጥተው በመንደሮችና በእርሻ ዳር እየሄዱ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያዩታል፤ ከዚያ በተንጠልጣይ ድልድይ አልፈው ከእግሩ ሥር ይደርሳሉ፤ በመጨረሻ ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙ ገና ሳይወድቅ ሰፍቶ በሚተኛበት፣ በጀልባ ወደ ከተማው ዳርቻ ይመለሳሉ። ሳይቸኩሉ ለሚሄዱ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ለልጅም ለሽማግሌም አይከብድም፤ ለጫማ ግን ይከብዳል።

ቲኬት ቆርጠን፣ ከከተማው ወጣቶች አንዱን አስጎብኚ ይዘን ቁልቁል ጀመርን። ጥቁሩ ድንጋይ በሌሊቱ ካፊያ ረጥቦ ያንሸራትታል። ይህ አካባቢ ሁሉ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ዓለት ነው፤ ጣናን ሐይቅ አድርጎ ያቆመውም፣ ዓባይን ከገደል የሚጥለውም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ስንጥቅ ሁሉ ግን አንድ ነገር በቅሏል። ከእግራችን ሥር ማገጥ ሐምራዊ ራሱን አውጥቶ መስኩን ሸፍኖታል። በአጥሩ ጥግ ኮሸሽላው እሾሁን ደግኖ ቆሟል። ከሁሉም በላይ ግን ቢጫው ነው፤ በመደዳ፣ በጉብታው፣ በእርሻው ድንበር፣ ሰው ባልረገጠበት ቦታ ሁሉ ቢጫ።

ልጄ እቅፍ ሙሉ ለቅማ ስትመጣ ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት መንገድ ላይ አገኘናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሰላምታ ሰጡንና እቅፏን ዓይተው ፈገግ አሉ።

«ምን ይዘሽ ነው ልጄ?»

«አደይ አበባ።»

«ይኼማ መጭ ነው። አረም ነው እኮ፤ እኛ ነቅለን የምንጥለው።» አንዷን አበባ በጣታቸው ይዘው ቅጠሏን አሳዩዋት። «አደይቱ እንዲያ ከላይ ናት፣ ዳገቷን ትወዳለች። ያኛው ደግሞ፣ ያ በመስመር የተዘራው፣ ኑግ ነው። ሲያብብ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።»

ልጄ አፈረች። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «ጣይው አላልኩሽም። ንቡ መጭን ነው የሚወደው። የጥቅምት ማር ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?» ብለው ጉንጯን ስመው አለፉ።

እኔም ያን ቀን ተማርኩ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ሆኜ መጭን ከአደይ የመለየት ዓይን አልነበረኝም። አደይ ብለን የምንጠራው ራሱ አንድ አበባ ብቻ አይደለም፤ የዕፅዋት አጥኚዎች ባይደንስ በሚሉት ወገን ውስጥ የሚገቡ ብዙ ዓይነት አሉት። መጭ የኑግ የዱር ዘመድ ነው። ኑግን ገበሬው ዘርቶ ዘይት ይጨምቅበታል፣ መጭን ይነቅለዋል፣ አደይን ለዘመን መለወጫ ይቆርጠዋል። ሦስቱም የሚያብቡት ክረምቱ በጠጣው መሬት ላይ፣ ፀሐይ በተመለሰች በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። ኅዳር ሲገባ ያ ሁሉ ቢጫ ሣር ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ልጄ ከመንገዱ ዳር ያለ ቢጫ ባየች ቁጥር ቆማ ቅጠሉን ታገላብጥ ጀመር። ጉዟችን በግማሽ ሰዓት ዘገየ። እኔ ግን አላቻኮልኳትም፤ ከመኪናው መስኮት «አደይ!» ስትል ያልነበረ ነገር አሁን ፊቷ ላይ ነበር።

የድንጋዩ ድልድይ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ከፏፏቴው በታች ያ ሁሉ ውሃ በጠባብ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል፤ ቡናማ ነው፣ ይፈላል። ሰዉ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ዓለታ ድልድይ የሚሉትም አሉ። የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ ኢየሱሳውያኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰሚነት በነበራቸው፣ በኖራ መገንባት ለአገሩ አዲስ ጥበብ በነበረበት ጊዜ። አስጎብኚያችን ኖራው ከእንቁላል ጋር ተለውሶ ነው የሚለውን አካባቢው ከአባት የወረሰውን ታሪክ ነገረን። እንቁላሉን አላውቅም፤ ድንጋዩ ግን ቆሟል። ሱስንዮስ በካቶሊክ ሃይማኖቱ ምክንያት አገሩ በደም ሲጨማለቅ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ድልድዩን ግን ማንም አላፈረሰውም። ያን ጠዋት ነጠላ የለበሰ ምእመን ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ በላዩ ይጎርፍ ነበር፤ አንዲት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ትከሻ ላይ አድርገው፣ ሦስት ጎረምሶች እየተጋፉ። ከ300 ዓመት በላይ ያለፈው የሃይማኖት ጠብ ለሕዝቡ ያተረፈው አንድ መሻገሪያ ነው። ድንጋዩ መሐሉ ላይ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። እጄን አስቀምጬ ዳሰስኩት፤ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ይጀምራል፤ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሾላና ዋርካ ጥላ ያደርጋሉ። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። እዚህ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ከታች የነበረው ጩኸት ቀስ እያለ ይርቅና ሌላ፣ ከደረት ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ ይተካዋል። ልጄ ቆመችና «መኪና ነው?» አለች። አስጎብኚያችን ዝም ብሎ በእጁ ወደ ፊት አመለከታት። ከዛፎቹ በላይ ነጭ ነገር ይነሳል፤ ደመና እንዳይባል ከመሬት ነው የሚወጣው።

ፏፏቴውን ጢስ እሳት ያሉት አባቶች ስሙን ሲያወጡ ብዙ የተጨነቁ አይመስለኝም። ያዩትን ነው የተናገሩት። እሳት ሳይኖር የሚጤስ ነገር አይተው፣ በአገር ቋንቋ፣ ባጭሩ።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ፊት ለፊታችን ተዘረጋ። ከፍታው 40 ሜትር ግድም ነው፤ በሙላት ጊዜ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ያን ዕለት ሙሉ ነበር። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ዓለቱ ሳይታይ፣ ቡናማና ነጭ ውሃ እንደ አንድ ጨርቅ ይወርዳል። ከወደቀበት የሚነሳው ጢስ ነፋሱ ወደኛ ሲያዞረው ፊታችንን ያረጥበዋል፤ ሲመልሰው ቀስተ ደመና ከሸለቆው ይቆማል። ልጄ ምንም አላለችም። ብዙ የምታወራ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ግን እጄን ይዛ ቆመች። የያዘችው መጭ ከእጇ ወድቆ ሳታውቅ ረገጠችው።

ስለዚህ ቦታ ሁለት የውጭ ሰዎች የተካሰሱበት ነገር አለ። ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር፤ ከውሃው መጋረጃ በስተጀርባ፣ ዓለቱ ሥር ገብቶ እንደተቀመጠ ጽፏል። ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ መጣ። አይቶ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም አለ፤ በዚህ ውሃ ሥር የሚገባ ሰው በሕይወት አይወጣም፣ ሎቦ ውሸታም ነው ብሎ ጻፈ። ብሩስ ፏፏቴውን ያየው ዝናብ ወንዙን ካሳደገው በኋላ ነበር። ይህን ክስ መጀመሪያ ሳነብ ከሁለቱ አንዱ መዋሸት አለበት ብዬ አምኜ ነበር። አሁን እንዲያ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ሁለቱንም ፏፏቴ አይቻለሁ፤ ሰው የሚገባበትንም፣ የማይገባበትንም። ስለዚህ ቦታ የሚነግረንን ሰው መጀመሪያ በየትኛው ወር ነበርክ ብለን መጠየቅ አለብን።

የእኔ ሌላው ወር ግንቦት ነው፤ ግንቦት 1995 ዓ.ም.።

አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜውን ፈትል ክፍል ነው የጨረሰው። ፋብሪካው በጢስ ዓባይ መብራት ነበር የሚሠራው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ጣቢያ ከ11 ሜጋ ዋት ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ ግን ለፋብሪካውም ለከተማችንም ብርሃን የሚሰጠው እሱ ነበር። ማታ ማታ የቤት ሥራ ስሠራ መብራቱ ሲንቀጠቀጥ አባቴ «ዓባይ አሳለው» ይል ነበር። እኛ ቤት መብራትና ፏፏቴ አንድ ቃል ነበሩ ማለት ይቻላል። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር በመስከረም ሄዶ ያየውን ጢስ ስንት ጊዜ እንደነገረን አልቆጠርኩም፤ ከከተማው ሳይደርሱ ጀምሮ ሸሚዛቸው ይርስ እንደነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1995 ወሰድኩት። ይህንኑ ዙር ነው የሄድነው፤ በዕድሜው ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ የቆመ ሰው ስለሆነ እግሩ ከእኔ ይበረታ ነበር። እዚህ ጉብታ ላይ ስንደርስ ጥቁር የዓለት ግድግዳ ነበር የጠበቀን። በአንድ ጥግ በኩል አንድ ነጭ ክር ይወርዳል። ጢስ የለም። ድምፁም ቧንቧ የተከፈተ ያህል ነው። አንድ ልጅ ከፏፏቴው ሥር ባለው ዓለት ላይ ልብስ አስጥቶ አየሁ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ቆመ። እኔ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው «ጊዜው በጋ ነው እኮ» አልኩት። እሱ ዘወር ሳይል፣ «ቀሪው ማሽን ውስጥ ነው ያለው» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ልክ ነበር። የዚያን ጊዜውን ሂሳብ ዘርዝሬ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጣና ክረምቱን የጠጣውን ወዲያው አይተፋም፤ ሐይቁ ሞልቶ ለዓባይ አብዝቶ የሚለቀው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጥንቱ ሥርዓት የፏፏቴው ወቅት ይኸው ነበር፤ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ አበባውና ውሃው አብረው። በ1988 ዓ.ም. ሐይቁ አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ መጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት፣ ኋላ አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ጣና ምን ያህል እንደሚለቅ የሚወስነው ዝናቡ ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ 73 ሜጋ ዋት፣ ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ የሚበልጥ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ፣ በተርባይኖቹ አልፎ፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሸለቆው ውሃውን አላጣም፤ ያጣው መውደቁን ነው። 1995 ደግሞ የድርቅ ጊዜ ነበር። የጣና ውሃ በጣም ወርዶ መርከቦቹ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ቆመው ነበር። አባቴ ያየው ያን ዓመት ነው።

ከዚያ ይበልጥ የሚገርመው የመጣው በግንቦት 2002 ነው። ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። የጣና ውሃ በምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። ያ ውሃ ጢስ ዓባይን ጨርሶ አያየውም። ተራራ ውስጥ ገብቶ፣ በሌላ ሸለቆ ወርዶ፣ ከዋናው ወንዝ ጋር የሚገናኘው ከዚህ እጅግ ርቆ በቆላው ነው፤ ዛሬ በዚያ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ተኝቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ከጣና አንድ ቀን የተነሱ ሁለት ጠብታዎች፣ አንዱ በፏፏቴው አንዱ በዋሻው ሄደው፣ እዚያ ሲገናኙ።

መብራቱ አያስፈልግም የሚል ሰው አይደለሁም። በዚያ መብራት አንብቤያለሁ፤ በዚያ መብራት የተፈተለ ክር አሳድጎኛል። ግን አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። ፏፏቴው በየዓመቱ፣ በታወቀ ወቅት፣ በታወቀ መጠን የራሱ ድርሻ ይኑረው። ያም ድርሻ አስቀድሞ ለጢስ ዓባይ ሰው ይነገረው። አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ቡና የምታፈላው፣ ቅል አስጊጣ የምትሸጠው ልጅ፣ ሁሉም በዚህ ውሃ ነው የሚኖሩት። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ደረቅ ዓለት አይቶ ሲመለስ ፊቱን የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለልጄ በአንድ ትንፋሽ አልነገርኳትም። የነገርኳት የአያቷን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ይመስለኛል ብሩን መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው አልኳት፤ በብሩ ላይ ያለው ሙሉው ነው። ፏፏቴውን አየች፣ ወደኔ አየች፣ ከዚያ «ዛሬ ማሽኑ ተዘግቷል ማለት ነው?» አለች። «ዛሬ ለሁሉም ይበቃል» አልኳት።

እዚያው አቅራቢያ በአንድ ዛፍ ሥር ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። አስጎብኚያችን «እትዬ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ» አላቸው። የበቆሎ እሸት ከሰል ላይ ጠበሱልን። እሸቱ ገና ወተት አለው፤ ሲነክሱት ይፈነጥቃል። ከአንድ ወር በኋላ ቢመጡ ይደርቃል፣ ከአንድ ወር በፊት ቢመጡ አልደረሰም። ልጄ ሦስት ራስ በላች። እትዬን ውሃው ሲሞላ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሲጎድል ነው የሚነሳኝ አሉ፤ ዝም ሲል እነቃለሁ።

ከዚያ ቁልቁል ወርደን በብረት ገመድ የተንጠለጠለውን ድልድይ ተሻገርን። ከሥሩ የዓለታ ወንዝ ወደ ዓባይ ለመቀላቀል ይቻኮላል። ድልድዩ በእርምጃ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ልጄ መሐሉ ላይ ቆማ ሆን ብላ አወዛወዘችው፣ እኔ ገመዱን አጥብቄ ያዝኩ። ማዶ ያለው መስክ ውሃ ያቆረ ነው። ወደ ፏፏቴው በተጠጋን ቁጥር ሣሩ ይረዝማል፣ አፈሩ ይረግባል፣ የምንናገረው አይሰማም። በመጨረሻ መቶ ሜትር ገደማ ሲቀረን አስጎብኚያችን እጁን ዘርግቶ አቆመን። እዚያ ዝናቡ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከጎንም ከታችም ይመጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ እስከ ውስጥ ልብሳችን ረሰረስን። በ1995 አባቴ ጫማውን አውልቆ ዓለቱ ሥር የገባው እዚህ ነበር። ቦታውን ፈለግሁት። የለም። ነጭ ውሃ ነው ያለው።

ብሩስም ሎቦም እውነታቸውን ነበር።

ዙሩን ለመዝጋት የቀረን ወንዙ ብቻ ነበር። ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ዳርቻ ወጣን። እዚያ ዓባይ ገና መውደቁን ያላወቀ ይመስላል፤ ሰፊ፣ ዝርግ፣ ደንገልና ቄጤማ በዳርና በዳር። ማዶ የከተማው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ እዚህ ነው የሚባል ነው። ሞተር ጀልባዋ ግን ከማዶ ዳርቻ ከግንድ ጋር በገመድ ታስራለች። ከእኛ በኩል ከተቀመጡት ጀልበኞች አንዱ ተነስቶ እጅ ነሳን።

«ወንድምዓለም፣ ዛሬ አይሆንም» አለኝ። «ትናንት አንድ ዙር ሞከርን፤ ውሃው ወደ ታች ጎተተን። ልጅ ይዘህማ አላሻግርህም።»

ገንዘብ ልጨምር አላልኩትም። የሚናገረው ከሥሩ ስላለው 40 ሜትር ነው። መቼ እንደሚሆን ስጠይቀው ሰማዩን ሳይሆን ወንዙን አይቶ፣ «ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ኑ» አለ። «ያኔ ሕፃን ይሻገረዋል።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በ1995 ከአባቴ ጋር ዙሩን ዘግተናል፤ ጀልባዋ በጸጥታ አሻግራን ከተማው ውስጥ ሻይ ጠጥተናል። ፏፏቴ ግን አልነበረም። ዛሬ ፏፏቴው ሙሉ ነው፣ ዙሩ ግን አይዘጋም። ልጄ ጀልባዋን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ቃል ገብቼላት ስለነበር ምን ብዬ እንደማጽናናት አሰብኩ፤ እሷ ግን ቀድማ ወደ መጣንበት ዞረች።

መመለሻው ሌላ መንገድ መሰለኝ። ፀሐዩ ከጀርባችን ሆኗል፣ ጠዋት በጥላ ያለፍነው ዳገት ሁሉ አሁን ቢጫውን ከፍቶ አሳየን። ልጄ ፊት ፊት እየሄደች «መጭ፣ መጭ፣ ኑግ፣ መጭ» ትላለች። ከድልድዩ በላይ ያለው ገመገም ላይ ስትደርስ ጮኸች። ቅጠሉን አገላብጣ ለአስጎብኚው አሳየችው። አዎ አላት፣ አደይ ናት። አንዷን ብቻ ቆረጠች።

ድልድዩ ላይ ሰው አልነበረም። ውሃው ከሥራችን ይፈላል። ጠዋት በተቃራኒው አቅጣጫ እጄን ያሳረፍኩበትን ድንጋይ ልጄ በእግሯ ፈልጋ ረገጠችው።

ማታ እናቴ ቤት እግራችንን ሞቅ ባለ ውሃ ታጥበን ተቀመጥን። ጫማዎቻችን ደጃፉ ላይ ጭቃቸውን ያንጠባጥባሉ። እናቴ ወጥ እያማሰለች «እህስ፣ አየሽው?» አለቻት።

«አየሁት። ግን አልዞርነውም እቴቴ፤ ጀልባው እንቢ አለ። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ኑ አሉን።»

«በኅዳር ትምህርት አለብሽ። ገና ላይ ነይ።»

«ገና ላይ ውሃው ይኖራል?»

እናቴ ወደኔ አየች። እኔም ትንሽ ይኖራል አልኩ፤ ሐይቁም፣ በሮቹም፣ የዓመቱ ዝናብም እንደፈቀዱ። ከጣና ባይለቀቅ እንኳ ከመሐል የሚገባው የአንዳሳ ወንዝ አለ። ልጄ መልሱን አልወደደችውም። ከመደርደሪያው መዝሙረ ዳዊቱን አወረደች፣ ብሩ ያለበትን ገጽ ፈልጋ ገለጠች፣ አደይዋን ከፏፏቴው ሥዕል አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ ከኪሷ የረጠበ፣ የታሸ፣ አንድ ቢጫ ነገር አውጥታ እሱንም ጨመረች።

«ይኼ ደግሞ አረም ነው እኮ የኔ ልጅ» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ» አለች ልጄ፣ መጽሐፉን እየዘጋች።